የበድን ምስክርነት፦ ከመቅደላ እስከ እንጅባራ

ሰው በዱር ወይም በመንገድ ወድቆ ሲገኝና ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር፣ በቀደመው ዘመን በብዙው የሀገራችን ክፍል የሚደረገው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር፤ ይኸውም የአጥቢያው ሕዝብ ሁሉ በዳኛው ትእዛዝ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ እርሻውና ከብቱ እየተጎዳበት እንኳ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ እያንዳንዱ በየተራው ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት፣ በግልጥ መናገር የፈራውም «ወፍ» በሚባለው ምሥጢር ነጋሪ በኩል ስሙን ሳያስገልጥ የሚጠቁምበት ሥርዓት ነው። ዳኛው የሚጠይቀው ሕያዋንን ብቻ ነበር። ሟቹ ራሱ፣ ስለ አሟሟቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ፣ ያን ጊዜ ታጥቦና ተገንዞ፣ ጸሎተ ፍትሐት ደርሶለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር አፈር ለብሷል።

በአዊ ደጋ፣ ሰባት ቤት አገው በሚባለው ምድር፣ እንደ ቀረው ጎጃም ሁሉ፣ የዚህ ነገር ክብደት ከአንድ ሰው ሞት በላይ ነው። የሟች ወገን ጥርጣሬውን በአንድ ጎረቤት ላይ ከጣለ፣ ያ ጎረቤት ደመኛ ይሆናል፤ ደመኛነትም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሽማግሌዎችና ካህናት ታቦት አስወጥተው፣ ካሣ አስከፍለው፣ ደም እስኪያደርቁ ድረስ ሁለት ቤተ ሰብ በአንድ ገበያ አይገበያይም፣ በአንድ መንገድ አይሄድም። እንግዲህ ያ ሟች በእውነት የተገደለ ካልሆነ፣ ከገደል ወድቆ ወይም ልቡ በድንገት ቆሞ የሞተ እንደ ሆነ፣ በሐሰት የተጀመረው ደም እውነተኛ ደም ያፈሳል ማለት ነው። የአስከሬን ምርመራን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል ለመተረክ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ሐኪሙ በበድን ላይ የሚያነበው እውነት ለዳኛ ብቻ የሚቀርብ ማስረጃ ሳይሆን፣ ደም የሚያደርቅ ወይም ደም እንዳይጀመር የሚከለክል ምስክርነት መሆኑን ስለማምን ነው።

በሩቅ ምሥራቅ ይህን አስቀድመው የተገነዘቡ ሊቃውንት ነበሩ። ሶንግ ሲ የተባለው ቻይናዊ ዳኛ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1247 ስለ አስከሬን ምርመራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የኛን አፈርሳታ የሚያስታውስ ታሪክ ይገኛል። በአንድ መንደር ሰው በማጭድ ተገድሎ በተገኘ ጊዜ፣ መርማሪው የመንደሩን ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው እንዲመጡ አዘዘና ማጭዶቹን ሁሉ በፀሐይ ላይ በምድር አስደረደረ፤ ዝንቦችም ከማጭዶቹ ሁሉ መርጠው በአንዱ ላይ ሰፈሩ፤ ታጥቦ እንኳ የደም ርዝራዥ ቀርቶበት ነበርና፣ ባለቤቱ ወንጀሉን አመነ። ሕዝቡ በአንድ ሜዳ መሰብሰቡ ከኛው ሥርዓት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ የመሰከረው ሰው ሳይሆን የግድያው መሣሪያ መሆኑ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ ቂም አይዝም፣ ጉቦም አይበላም።

በሀገራችን ታሪክ ስለ አሟሟት ክርክር ተነሥቶ የሐኪም ዐይን ከፈረደባቸው ቀደምት ቀኖች አንዱ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በሰበረባት በዚያች ዕለት ዐፄ ቴዎድሮስ ወድቀው ሲገኙ፣ ንጉሡን በጥይት የጣልኩት እኔ ነኝ የሚል ወታደር እንደማይጠፋ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የጦሩ ሐኪሞች በድናቸውን መርምረው ጥይቱ በአፋቸው እንደ ገባና ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው እንደ ሞቱ አረጋገጡ። እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው መሞታቸውን ትውልድ ሁሉ የሚናገረው የዐይን ምስክሮች ስለ ነገሩት ብቻ አይደለም፤ ጠላታቸው የነበረው ጦር ሐኪሞች፣ የገዛ ወታደሮቻቸውን ክብር የሚቀንስ ቢሆንም እንኳ፣ ቁስሉ የተናገረውን ስለ ጻፉ ጭምር ነው። የዚህ ሙያ ክብሩ ይህ ይመስለኛል።

በዚያው በመቅደላ፣ በዚያው ሰሞን፣ ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘ አንድ ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጉት፤ ቻርለስ ማርቲን ብለው ጠሩት፤ በላሆር ሕክምና ተምሮ ተመረቀ። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐኪም ሆኖ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አያቱ የጠፋ የልጅ ልጃቸው መሆኑን ያወቁት በሰውነቱ ላይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በነበሩት ጠባሳዎች ነው፤ ማንነቱን ስሙም ቋንቋውም ሊመሰክሩለት አልቻሉም ነበርና ቆዳው መሰከረለት። እኚህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ ከኢትዮጵያውያን በዘመናዊ ትምህርት ሐኪም ለመሆን የመጀመሪያው፤ በኋላም በልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት የተቀመጡ። ሕክምናንና ፍርድን በአንድ ሕይወታቸው ያገናኙ ሰው ሆነው ሳለ፣ ሁለቱን በአንድ ሙያ የሚያጣምረው ትምህርት ግን በዘመናቸው በሀገራቸው አልተተከለም።

የተተከለው ሕንፃው ነው። ለዐድዋ ቁስለኞች የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከሠሩበት ሥፍራ ላይ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቆመ፤ ይህም ሆስፒታል ሕያዋንን ከማከሙ በቀር የሀገሩ ሁሉ ሙታን ለምርመራ የሚመጡበት ቤት ለመሆን በቃ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ታወጁ። አዲሱ ሕግ ነፍስ ግድያን እንደ ሐሳቡና እንደ አፈጻጸሙ ከፋፍሎ፣ በጭካኔ ተዘጋጅቶ የገደለውን፣ በድንገተኛ ጠብ የገደለውን፣ በቸልተኝነት ለሞት ያበቃውን በየአንቀጹ ለያይቶ ስለሚቀጣ፣ ዳኛው ከእንግዲህ «ገድሏል ወይስ አልገደለም?» ብሎ ብቻ ሊፈርድ አይችልም ነበር፤ ስንት ጊዜ ወጋው፣ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ፣ ሟቹ ሲወጋ ቆሞ ነበር ወይስ ተኝቶ፣ የሞተው በቁስሉ ነው ወይስ ቀድሞ በነበረበት ደዌ የሚለውን ሁሉ ማወቅ ነበረበት። ሕጉ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ሲጠይቅ፣ ዕውቀቱ ያለው ሐኪም ግን ከዋና ከተማው ውጭ በጣት የሚቆጠር እንኳ አልነበረም፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ወረርሽኝን የሚከላከሉና የገጠሩን ሕዝብ የሚያክሙ ባለሙያዎችን ነው፤ የሚያስፈልገውም በዚያ ዘመን ይኸው ነበርና አይነቀፍም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የደርግ ዘመን ሞት የበዛበት፣ ምርመራውም የታፈነበት ዘመን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሥልሳ የሚሆኑ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች ተገደሉ፤ ያለ ፍትሐት በከርቸሌው ግቢ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ነሐሴ 21 ቀን በዚያው ዓመት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አረፉ፤ መንግሥትም ቀደም ብሎ ከተደረገላቸው የቀዶ ሕክምና በኋላ በደረሰ የደም ዝውውር መታወክ እንደ ሞቱ አስታወቀ፤ ከሐኪሞቻቸው አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህን ምክንያት አልተቀበሉም። አስከሬኑ ገለልተኛ ሐኪም ሳያየው ተቀበረ፤ የት እንደ ተቀበረም አልተነገረም። በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው፣ ታስረው ቆይተው፣ ሐምሌ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. በገመድ ታንቀው ተገደሉ፤ ልጆቻቸው የሆኑት ምእመናን ግን ለዓመታት መሞታቸውን እንኳ በርግጥ አላወቁም ነበር። ከነዚህ ታላላቆች ውጭ በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ቁጥሩ ብዙ ነው። ወላጅ የልጁን ሬሳ በመንገድ ላይ ሲያገኝ ለማልቀስ የተከለከለበት ዘመን ነበርና፣ በምን ሞተ ብሎ ሐኪም መጠየቅ ከቶ የሚታሰብ አልነበረም።

መሬት ግን የተቀበለችውን አደራ ጠብቃ ቆየች። በ1984 ዓ.ም. መቃብሮቹ መከፈት ጀመሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ከወለል ሥር ተገኘና በበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከቆየ በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ፤ የሥልሳዎቹም ዐፅም ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ በዚያው ካቴድራል በክብር ተቀበረ፤ የፓትርያርኩም ዐፅም ከልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አረፈ። በዚያው በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ እርሱም የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ለእርዳታ ጠራ። ይህ ቡድን በገዛ ሀገሩ ወታደራዊ መንግሥት የሰወራቸውን ሰዎች ዐፅም ለመፈለግ በ1976 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ መሥራቾቹን ያስተማራቸው ክላይድ ስኖው የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው።

በ1986 ዓ.ም. አርጀንቲናውያኑ ኮተቤ ላይ የአንድን የጅምላ መቃብር አፈር በብሩሽና በትንንሽ መኮስኮሻ እየጠረጉ ሲከፍቱ የሠላሳ ሰዎች ዐፅም ወጣ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ሥጋ ከፈራረሰ ወዲያ አንገት ታንቆ መሞት በዐፅም ላይ የሚተወው ምልክት ጥቂት ነው፤ ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ እንደሚተወው ያለ ግልጥ ቀዳዳ የለውም። ነገር ግን ናይሎን አይበሰብስም፤ ገዳዮቹ ያነቁበት ገመድ በአንገት አጥንቶች ዙሪያ እንደ ታሰረ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ እያንዳንዱን ዐፅም ከማንሣታቸው በፊት ፎቶግራፍ አነሡ፤ የገመዱን አኳኋን፣ የልብሱን ቅዳጅ፣ የጫማውን ዓይነት ጻፉ፤ የጥርሱን ቅርጽና የቀድሞ ስብራት ምልክቱን ዘመዶች ከሰጡት ቃል ጋር አስተያዩ። በመዝገብ ቤት የተገኘው የደርግ ወረቀት በአንድ ወገን፣ ከመሬት የወጣው ገመድ በሌላ ወገን ሆነው በአንድ ነገር ላይ መሰከሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የባልንጀሮቻቸው ክስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ከጥፋተኝነት ውሳኔ ደረሰ፤ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ቤተ መዘክር ከመቃብር የወጡ አጥንቶችን፣ ልብሶችንና ገመዶችን የሚያይ ሁሉ የዚያን ምርመራ ፍሬ ያያል።

ይህ ሁሉ በነገሥታት፣ በጳጳሳትና በሰማዕታት ዐፅም ላይ የሆነ ነው። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ስም በሌለው ሰው በድን ላይ፣ በምኒልክ ሆስፒታል የምርመራ ክፍል፣ ሳይቋረጥ ይሠራ ነበር። ሐኪሙ በጧት ሲገባ የሚጠብቀው በድኑ ብቻ አይደለም፤ የመርማሪ ፖሊሱ ደብዳቤ፣ በውጭ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ዘመዶች አሉ። ልብሱን ሳይቀድ ያወልቃል፤ በልብሱ ላይ ያለው ቀዳዳ በሥጋው ላይ ካለው ቁስል ጋር መግጠም አለመግጠሙን ያያል። የበድኑን መገተር በመገጣጠሚያዎቹ ይፈትናል፤ መገተር ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይጀምራል፣ በግማሽ ቀን ገደማ ይጸናል፣ ከዚያም ይለቃል፤ ብርድ ባለበት ሀገር ግን ይዘገያልና፣ ሬሳው ከደጋ ይምጣ ከቆላ ሳይጠይቅ ሰዓቱን አይወስንም። በአንገት ላይ ያለው የገመድ ፈለግ ወደ ጆሮ ሽቅብ የወጣ ከሆነ ተሰቅሎ የሞተ መሆኑን፣ በአግድም አንገቱን ሁሉ የዞረ ከሆነ ሌላ እጅ ያነቀው መሆኑን ያስጠረጥረዋል። ከዚያ ደረቱንና ሆዱን ከፍቶ ልብን፣ ሳንባን፣ ጉበትን እያወጣ ይመዝናል፤ መርዝ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ከደሙ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለላቦራቶሪ ናሙና ያስቀራል። ሲፈጽም የከፈተውን ሁሉ በክር ይሰፋዋል፤ የሚገንዙት እጆች ሳይደነግጡ እንዲቀበሉት ነው። ከዚያ የሚጽፈው ውጤት በፍርድ ቤት ስለሚነበብ፣ የሚያውቀውን «አውቃለሁ»፣ የማያውቀውን «ሊወሰን አልቻለም» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ፖሊስ ቢቸኩል፣ ዘመድ ቢያለቅስ፣ ባለ ሥልጣን ቢቆጣ ከዚህ መውጣት አይገባውም።

በአዊዋ ከተማ በእንጅባራ የሞተ ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንዳለበት የአገሬው ሰው ያውቀዋል። አጠራጣሪ ሞት በደረሰ ጊዜ፣ የአካባቢው ጠቅላላ ሐኪም በውጭ የሚታየውን አይቶ ከጻፈ በኋላ፣ ሆድና ደረት የሚከፈትበት ምርመራ ካስፈለገ በድኑ ወደ አዲስ አበባ ይላክ ነበር፤ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሙቀት ወርዶ፣ እንደ ገና ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ፣ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ ለቀብር ይመለሳል። ሃይማኖታችን ሙት ሳያድር አፈር እንዲለብስ ያስቸኩላል፤ ጎረቤቱ በለቅሶ ድንኳን ተቀምጧል፤ የመኪናው ኪራይ የሟቹን ልጆች ጥሪት ይበላል። ስለዚህ ብዙው ቤተ ሰብ «ይቅርብን፣ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥተናል» ብሎ ቢቀብር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ፍርዱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ሁሉ ጥርጣሬውንም አብሮ አልሰጠም፤ ካልተከፈተው በድን ውስጥ የቀረው ጥያቄ ለደመኛነት መነሻ ሲሆን የአገር ሽማግሌዎች በየጊዜው ያዩታል።

አንድ ምሳሌ ከዚሁ ከአዊ ላንሣ። በፋግታ ለኮማና በዙሪያው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻው ላይ ተክሎ፣ አክስሎ፣ ከሰሉን እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል፤ በዚህም ኑሮው ተሻሽሏል። እንጅባራ ግን ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ በክረምት ሌሊት በርና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ የሚተኛ ሰው አይጠፋም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ስለሆነ፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ያልፋል። በማግሥቱ በሩ ተሰብሮ ሲገኝ በሰውነቱ ላይ ቁስል የለም፤ ምናልባት ከአንድ ሰው ጋር ትናንት አብሮ ጠጥቶ ነበር፤ ምናልባት በርስት ክርክር ላይ ነበር፤ «መርዝ አብልተውት ነው» የሚለው ቃል ከአንድ አፍ ይወጣል። ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ግን በድኑን ሲገልጥ፣ ከሞት በኋላ ደም ወደ ታች ሲወርድ የሚተወው ቀለም እንደ ወትሮው የጠቆረ ሐምራዊ ሳይሆን ደማቅ ቀይ ሆኖ ያየዋል፤ የደም ናሙናውም ያረጋግጥለታል። በዚያች ሰዓት አንድ ንጹሕ ጎረቤት ከደመኛነት ይድናል፤ የሟቹም ልጆች ከምድጃው እንዲጠነቀቁ ይማራሉ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ የበረታ ጥበብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መላው ሕዝብ አየ። ከ30 በላይ ሀገሮች ዜጎች የነበሩት እነዚያ ሙታን በመልክ የሚለዩ አልነበሩም፤ ከዘመዶቻቸው የዲኤንኤ ናሙና ተወስዶ፣ የውጭ ሀገር ባለሙያዎችም ተጨምረውበት፣ በወራት ድካም የሁሉም ማንነት ታወቀ። የዓለም ዐይን ስለነበረበት ምንም አልጎደለበትም። በአዊ ገጠር በአንዲት ጎጆ ውስጥ የሞተች ሴትም እንደ እነርሱ በሥላሴ አርአያ የተፈጠረች ናትና፣ የአሟሟቷ እውነት ሊታወቅላት የሚገባት በዓለም ዘንድ ስለ ታወቀች አይደለም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሀገር በቀል የፎረንሲክ ሐኪሞችን ማሠልጠን መጀመሩ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ከመቅደላ እስከ ኮተቤ ድረስ በሙታኖቻችን ላይ የመሰከሩልን ባዕዳን ነበሩና። የሚቀረው ባለሙያው ወደ ሕዝቡ እንዲመጣ ማድረግ ነው። የእንጅባራ ሆስፒታል፣ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም፣ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ሐኪም የበድን ምርመራን መሠረታዊ ትምህርት በተግባር ያስተምሩ፤ ክልሉም አንድ ቋሚ የፎረንሲክ ሐኪም፣ አንድ የበድን ማቀዝቀዣና አንድ ንጹሕ የምርመራ ክፍል ለአዊ ዞን ይመድብ። ካህናትና ሽማግሌዎችም፣ ቃላችሁ በሕዝቡ ዘንድ ከማንም ይልቅ ይሰማልና፣ አሟሟቱ ያጠራጠረ ሰው ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ሐኪም እንዲያየው ለቤተ ሰቡ ንገሩልን።